ሆድ ያባውን ብቅል አወጣው? ተራ ሰው ወደ ጅምላ ግድያ የሚገባበት መንገድ

የቀለም ልጅ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁም። በዚህ መድረክ ስለ ጽንፈኝነትና ስለ ጅምላ ግድያ ሲነሳ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ተረት ይዘጋል፤ «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» እንባባላለን። ሰው በልቡ የሸሸገው ጥላቻ አለ፤ ጦርነት ሲነሳና ሕግ ሲላላ የተሸሸገው አደባባይ ይወጣል፤ ነገሩ ይኸው ነው ብለን እንለያያለን። እኔም ለብዙ ዓመት በዚሁ ረክቼ ኖሬአለሁ። ያናወጠኝ የአንድ ሰው የፍርድ መዝገብ ነው፤ ስለዚህ ክሩን በእርሱ ልጀምረው። ለማመሳከር እንዲመች ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ዣን ፖል አካዬሱ በሩዋንዳ፣ በጊታራማ ክፍለ ሀገር፣ ታባ የተባለች ኮሙን ከንቲባ ነበር። ኮሙን ከእኛ ወረዳ ጋር የሚቀራረብ የአስተዳደር እርከን ነው። ሰውዬው ከዚያ በፊት መምህር፣ ቆይቶም የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ነበር፤ ከንቲባ የሆነው በ1993 ነው። ኤፕሪል 6 ቀን 1994 (መጋቢት 28 ቀን 1986 ዓ.ም.) የፕሬዚዳንት ሃቢያሪማና አውሮፕላን ኪጋሊ ላይ ተመትቶ ከወደቀና በዋና ከተማዋ የብዙኃኑ ሁቱ ጽንፈኞች በአናሳዎቹ ቱትሲዎች ላይ የከፈቱት የጅምላ ግድያ ከተጀመረ በኋላ ታባ ለአሥራ ሁለት ቀናት ያህል ከሞላ ጎደል በሰላም ቆየች። ከንቲባው ግድያው ወደ ኮሙኑ እንዳይገባ፣ በተለይም ኢንተርሃምዌ የተባሉት ሚሊሺያዎች እንዳይዘልቁ ለመከላከል ይጥር ነበር። ይህን ያለው የእርሱ ጠበቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተቀበልኩት ነበር፤ ነገር ግን የፈረደበት፣ በታንዛኒያ አሩሻ የተቀመጠው የሩዋንዳ ጉዳይ ዓለም አቀፍ የወንጀል ችሎት ራሱ በፍርዱ ውስጥ አስፍሮታል።

ኤፕሪል 18 ቀን የጊዜያዊው መንግሥት መሪዎች የክፍለ ሀገሩን ከንቲባዎች ሰበሰቡ። በማግሥቱ ማለዳ፣ ገና በደንብ ሳይነጋ፣ አካዬሱ ጊሼሼ በተባለ ስፍራ በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት ቆሞ ሁሉም ተባብሮ «ብቸኛውን ጠላት» እንዲያስወግድ ቀሰቀሰ። ሰሚው ጠላት የተባለው ቱትሲ መሆኑን ለመረዳት ትርጓሜ አላስፈለገውም። እስከ ጁን መጨረሻ ድረስ በታባ የተገደሉት ቱትሲዎች ቢያንስ 2,000 እንደሆኑ ችሎቱ አረጋግጧል፤ ሊጠለሉ ወደ ኮሙኑ ጽሕፈት ቤት የመጡ ሴቶችም በዚያው ግቢ፣ እርሱ እያወቀ፣ ተደፍረዋል። በሴፕቴምበር 1998 የተሰጠው ፍርድ አንድ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ያለበት የመጀመሪያው ፍርድ ሲሆን፣ አስገድዶ መድፈርም የዘር ማጥፋት ድርጊት ሊሆን እንደሚችል የታወቀው በዚሁ መዝገብ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ጥላቻው በሆዱ ከነበረ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ገዳዮችን ለመመለስ ለምን ደከመ? ካልነበረስ በአንድ ሌሊት ከየት መጣ? እኔ እያደር የማዘነብልበት ሐሳብ፣ ብዙው ሰው አምኖ የሚገባ ሳይሆን ገብቶ ነው የሚያምነው፣ እጁ ከገባ በኋላ ልቡ የሚከተለው የሚል ነው። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

ጠበቃው

ወንድሜ የቀለም ልጅ፣ መዝገቡን በትክክል አቅርበኸዋል፤ መደምደሚያህ ግን ለሰውዬው የሚያዝንለት ይመስላል። አካዬሱ አቅም አልነበረኝም፣ ሚሊሺያው ከእኔ በላይ ሆኖ ነው ብሎ ተከራክሯል፤ ዳኞቹም ክርክሩን አልተቀበሉም። አቅም የሌለው ሰው ሥልጣኑን ጥሎ ሊሄድ ወይም ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል፤ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ሕዝብ ፊት አይቆምም። የአሥራ ሁለቱ ቀን ተጋድሎው የሚያሳየው ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ገና አለመለየቱን ሊሆን ይችላል። ነፋሱ ሲለይለት ተሰለፈ። ይህን እኛ በአገራችን ቋንቋ አድርባይነት እንለዋለን፤ ስም አለው፤ አዲስ ንድፈ ሐሳብ አያስፈልገውም።

ሌላው፣ ተራው ሰው የገባበት መንገድ ምንም ይሁን ምን፣ መንገዱን የጠረጉት ሰዎች ተራ አልነበሩም፤ የሚያደርጉትንም አሳምረው ያውቁ ነበር። ካንጉራ የተባለው ጋዜጣ «አሥርቱ የሁቱ ትእዛዛት» የተሰኘውን ጽሑፍ ያወጣው በዲሴምበር 1990 ነው፤ ከቱትሲ ጋር የተጋባ፣ የነገደ፣ ቱትሲ ጸሐፊ የቀጠረ ሁቱ ከሃዲ ነው ይላል። ሬዲዮ ሚል ኮሊን በጁላይ 1993 ሥርጭት ሲጀምር ሕዝቡ የሚወደውን ዘፈንና የሰፈር ቀልድ ይዞ ነው የመጣው፤ «ኢንየንዚ» ማለትም በረሮ የሚለውን ስድብ በዚያ መሐል እየደባለቀ አለማመደው። ሰው ወዶ የከፈተው ሬዲዮ ነበር፤ አስገድዶ የሚያስከፍት አልነበረም።

ፍርሃቱንም እንዳንረሳ። በኦክቶበር 1993 በጎረቤት ቡሩንዲ፣ በምርጫ ያሸነፈው የመጀመሪያው ሁቱ ፕሬዚዳንት ሜልኪዮር ንዳዳዬ በቱትሲ የጦር መኮንኖች እጅ ተገደለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችም ድንበር ተሻግረው የደረሰባቸውን ለሩዋንዳ ገበሬ ነገሩት። ሰባኪዎቹ ከባዶ ተነሥተው አልዋሹም፤ እውነተኛ ሬሳ አሳይተው ነው የሐሰት ፍርድ ያስፈረዱት። ስለዚህ ብቅሉን ማን አበቀለው ብለን ካልጠየቅን ሆዱን ብቻ ስንመረምር እንውላለን።

የኮረብታው ሰው

ሁለታችሁም የነካችሁት ነገር ላይ ሰፋ ያለ ጥናት ስላለ ትንሽ ልጨምር፤ ከረዘመ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስኮት ስትራውስ የተባለ አሜሪካዊ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር በ2002 በሩዋንዳ ወህኒ ቤቶች ተዘዋውሮ፣ ጥፋታቸውን አምነው ፍርዳቸውን የተቀበሉ 210 ሰዎችን አነጋግሯል። የፈለገው ቀላል ነገር ነው፤ እነዚህ ሰዎች ካልገደሉት በምን ይለያሉ? መልሱ ብዙ ሰው ከጠበቀው የተለየ ሆነ። በዕድሜም፣ በሥራም፣ በትምህርትም፣ ቤተሰብ በማስተዳደርም ከተቀረው የአገሩ ጎልማሳ ወንድ ብዙም አይለዩም፤ አብዛኞቹ ገበሬዎችና የልጆች አባቶች ናቸው። ከጦርነቱ በፊት ከቱትሲ ጎረቤቶቻቸው ጋር በደህና ይኖሩ እንደነበር አብዛኞቹ ተናግረዋል፤ ብዙዎቹም በጋብቻ የተዛመዱ ነበሩ። ለምን ገባችሁ ሲባሉ ከጥላቻ ይልቅ ደጋግመው ያነሱት ሦስት ነገር ነው፦ ያልወጣ ሁቱ እንደ ከሃዲ ተቆጥሮ ይቀጣ ስለነበር የገዛ ወገናቸውን ፈሩ፤ በአብዛኛው ቱትሲዎች ያሉበት አማፂው ጦር ደርሶ ይፈጀናል ብለው ፈሩ፤ ባለሥልጣን አዘዘ፣ ስለዚህ ሕግ ነው ብለው ተቀበሉ።

ከዚህ ጋር አንድ ቁጥር አለ፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉም በላይ ሊያስጨንቀን የሚገባው እርሱ ነው። ስትራውስ የገዳዮቹን ብዛት ከ175,000 እስከ 210,000 ይገምታል፤ ይህም ከአገሩ ጎልማሳ ሁቱ ወንዶች ከ14 እስከ 17 በመቶ ማለት ነው። ቁጥሩ በአንድ በኩል እጅግ ግዙፍ ነው፤ በመቶ ቀናት ውስጥ ያን ያህል ሕዝብ ገዳይ የሆነበት ሌላ አገር ለመጥቀስ ይቸግረኛል። በሌላ በኩል ግን ከስድስት ሰው አምስቱ አልገደለም ማለት ነው። «ሁቱ ሁሉ በሆዱ ይዞት ነበር» የሚለው አባባል በዚህ ቁጥር ፊት አይቆምም፤ «ማንም በዚያ ቦታ ቢሆን ይገድል ነበር» የሚለውም እንዲሁ አይቆምም።

ታዲያ አንዱ ገብቶ ሌላው የቀረው በምን ምክንያት ነው? ኦማር ማክዱም የተባለ ተመራማሪ ከአንድ አካባቢ የነዋሪዎችን ቤት አንድ በአንድ በካርታ ላይ አስፍሮ የገዳዮቹ ቤቶች የት እንደሚገኙ ተመለከተ። ተበታትነው አላገኛቸውም። አንዱ ገዳይ ያለው ሌላ ገዳይ ባለበት ቤት ወይም አጠገብ ነው፤ ወንድም ወንድሙን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን፣ አብሮ ጠጪ አብሮ ጠጪውን ስቦታል። ብዙ ሰው የሚያውቀውና በብዙ ሰው የሚታወቅ ሰው ከብቸኛው ይልቅ የመግባት ዕድሉ ሰፊ ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለው ለመልካም ነገር ብቻ ይመስለናል፤ ድሩ ግን የሚያስረውን አይመርጥም።

ጠበቃው ስላነሱት ሬዲዮ ደግሞ አንድ ብልኃት የተሞላበት ጥናት አለ። ሩዋንዳ ኮረብታ በኮረብታ ስለሆነች የሚል ኮሊን ሞገድ አንዱን መንደር ሲደርስ ሌላውን ኮረብታ ይጋርደዋል። ዳቪድ ያናጊዛዋ ድሮት በ2014 ባሳተመው ጥናት፣ ሞገዱ የደረሳቸውን መንደሮች ካልደረሳቸው ጋር አነጻጽሮ፣ ከጠቅላላው ተሳትፎ 10 በመቶ ያህሉን ሬዲዮው እንዳመጣው ገምቷል። አሥር በመቶ ማለት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ገዳይ ነው፤ ቀላል አይደለም። የተቀረው 90 በመቶ ግን በሬዲዮ አልመጣም። ሰው ሬዲዮ ሰምቶ ብቻ ገጀራ አያነሳም፤ ከሬዲዮው በኋላ በሩን የሚያንኳኳ የሚያውቀው ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ ጠበቃውም የቀለም ልጅም ትክክል ናችሁ የምል እንዳይመስላችሁ። እኔ ተረቱ ራሱ የተሳሳተ ጥያቄ ያስጠይቀናል ባይ ነኝ፤ ሰውዬው ብቻውን ቁጭ ብሎ የሚጠጣ አስመስሎ ያቀርበዋልና።

ነርሷ

ለሥራ ኪጋሊ ሁለት ዓመት ያህል ኖሬአለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ አገር ተሻገርኩ። ከኮረብታው ሰው ጽሑፍ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር።

በዚያ ወቅት መግደል «መግደል» አይባልም ነበር። «ጉኮራ» ይሉት ነበር፤ መሥራት ማለት ነው። ወጣ ብሎ ማሳደድን ደግሞ ቁጥቋጦ መመንጠር ይሉታል። ይህ አነጋገር ከሰማይ አልወረደም። በሩዋንዳ «ኡሙጋንዳ» የሚባል ግዴታ አለ፤ ሰው በተወሰነ ቀን ዶማና ገጀራ ይዞ መንገድ ይጠግናል፣ እርከን ይሠራል፣ ጫካ ይመነጥራል። በእኛ ደቦ ብንለው ይቀራረባል፤ ልዩነቱ ደቦ በፈቃድ ሲሆን ኡሙጋንዳ በመንግሥት ትእዛዝ መሆኑ ነው፤ የሚጠራውም ከላይ እስከ ታች በተዘረጋው አስተዳደር፣ መጨረሻ ላይ በአሥር ቤት ኃላፊው በኩል ነው። በ1994 ሰዎች የተጠሩት በዚያው አፍ፣ በዚያው ሰዓት፣ ያንኑ ገጀራ ይዘው ነው። ጠዋት ወጥተው ማታ ይመለሳሉ፤ ስም ይመዘገባል፤ የቀረ ይቀጣል። በየመንገዱ ኬላ ቆሞ መታወቂያ ይታያል፤ መታወቂያው ላይ ከቤልጂግ ቅኝ አገዛዝ ዘመን ጀምሮ ሁቱ ወይም ቱትሲ ተብሎ ተጽፏል። ኬላ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው «እኔ ገዳይ ልሆን ነው» ብሎ ራሱን መጠየቅ የሚገባበት ቅጽበት የትኛው እንደሆነ ለብዙ ጊዜ አስቤ አላገኘሁትም። ሁሉም ነገር ከትናንቱ ጋር ይመሳሰላል።

ሌላው፣ ስለ ወንዶች ብቻ ስንናገር ሴቶቹ እንዳይረሱ። በዘር ማጥፋት ወንጀል በአሩሻው ችሎት የተፈረደባት የመጀመሪያዋ ሴት ፓውሊን ኒራማሱሁኮ የቤተሰብና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስትር ነበረች፤ የተፈረደባትም ተወልዳ ባደገችበት በቡታሬ አካባቢ በሠራችው ነው። ልጇም አብሯት ተከሷል።

ወለተ ሸዋ

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን ሁሉንም አነበብኩት፤ ተምሬበታለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ያ አሜሪካዊ ምሁር ያነጋገራቸው ሰዎች እስረኞች ናቸው። እስረኛ «ጠልቼ ገደልኩ» ብሎ ይናገራል ወይ? በሩዋንዳ ጋቻቻ የሚባለው የሣር ላይ ሸንጎ አምኖ ለተናዘዘ ቅጣት ያቀልል እንደነበር ሰምቻለሁ። «ፈርቼ ነው፣ ታዝዤ ነው፣ ጎረቤቴ ጎትቶኝ ነው» የሚለው መልስ ለተናጋሪው የሚስማማ መልስ ነው። ቀላሉን ጥፋት አምኖ ከባዱን ማዳፈን ሊኖርበት ይችላል። የፈሩትን ስንቆጥር የወደዱትን እንዳንስት።

ይህን የምለው ግን ፍርሃት የለም ለማለት አይደለም። እኔ በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነበርኩ። ቀይ ሽብርን አይቻለሁ። ነርሷ ልጄ «ሥራ» ይሉት ነበር ስትል እጄ ተንቀጠቀጠ፤ እኛ ደግሞ «ነፃ እርምጃ» እንለው ነበር። ቃሉን በሬዲዮ ሰምተን፣ በጋዜጣ አንብበን፣ እኛው ራሳችን «እገሌ እኮ እርምጃ ተወሰደበት» እያልን እናወራ ነበር፤ «ተገደለ» ማለት እንደ ነውር ሆኖ ነበር። በሰፈራችን ከእናቴ ቤት ውኃ እየቀዳ ያደገ ልጅ ነበር፤ ድሃ አደግ ነው፤ እናቴ ከእኛ ጋር ታበላው ነበር። የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ሆኖ መሣሪያ ታጠቀ። መጀመሪያ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ኋላ ለፍተሻ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ሰው ሲወሰድ አብሮ ይሄዳል። በየደረጃው ፊቱ ሲለወጥ እናቴ ታይ ነበር። አንድ ቀን «ይኼ ልጅ እጄን መሳም ተወ» አለች፤ ሌላ አልተናገረችም።

አወያይ

እትዬ ወለተ፣ ስለ ምስክርነትዎ እናመሰግናለን። ለሌሎች ተሳታፊዎች፦ ቀይ ሽብርን ለማነጻጸሪያ ማንሳት ይፈቀዳል፤ ክሩን ወደ ዛሬው የአገራችን ፖለቲካና የማን ብሔር ምን አደረገ ወደሚል የሚወስዱ መልሶች ግን ይነሣሉ። እስካሁን ሁለት አንሥተናል።

ዘመነኛው

አንድ ጥያቄ። የምትናገሩት ሁሉ ስለ መንደርና ስለ ጎረቤት ነው። በጁላይ 2011 በኖርዌይ 77 ሰው የገደለውስ? ብቻውን ነው፤ አዛዥ የለውም፤ ጎረቤትም አልጎተተው። እዚያ ላይ የእናንተ ሐሳብ ይፈርሳል።

የኮረብታው ሰው

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በአጭሩ ልመልስ፤ ጉዳዩ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋልና። የኖርዌዩ ገዳይ ለየት ያለ መንገድ የሄደ ነው። መጀመሪያ የመረመሩት ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች የአእምሮ ሕመምተኛ ነው አሉ፤ ቀጥለው የመረመሩት ሁለት ደግሞ አይደለም አሉ፤ ፍርድ ቤቱም በኦገስት 2012 በወንጀል ተጠያቂ የሚሆን ጤነኛ ነው ብሎ ፈረደበት። በእርሱ ዘንድ እምነት ከድርጊት ቀደመ፤ ለዓመታት አነበበ፣ ጻፈ፣ አቀደ። ከሩዋንዳው ገበሬ ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በገሃዱ ዓለም ብቸኛ የነበረው ሰው በራሱ ሐሳብ ብቸኛ አልነበረም። ራሱን የትልቅ ምሥጢራዊ ጦር ባላባት አድርጎ ነበር የሚያቀርበው፤ ፖሊስ ያን ጦር ፈልጎ አላገኘውም። ጎረቤት ያጣ ሰው ጎረቤት ፈጥሮ ነው የገደለው። የገዳዩ ቁጥር አንድ ሲሆን የሐሳቡ ድርሻ ይበዛል፤ ቁጥሩ ሁለት መቶ ሺህ ሲደርስ የሰፈሩና የሹሙ ድርሻ ይበዛል። ሁለቱን በአንድ ቃል «ጽንፈኝነት» ብለን መጥራታችን ራሱ የሚያሳስት ይመስለኛል።

እትዬ ወለተ፣ ስለ እስረኞቹ ያነሱት ትክክለኛ ትችት ነው፤ ስትራውስም አደጋውን ያውቀዋል። የካርታውና የሬዲዮው ጥናት ጠቀሜታው እዚህ ላይ ነው፤ ካርታና ኮረብታ ቅጣት እንዲቀልላቸው ብለው አይዋሹም።

ጠበቃው

ካርታ አይዋሽም፤ ሰው ግን በካርታ ላይ ለምን እዚያ ቦታ እንደተቀመጠ ካርታው አይናገርም። ወንድማማቾች አብረው የገደሉት ተጎታትተው ነው ወይስ ያንኑ የአባታቸውን ጥላቻ አብረው ወርሰው? ይህን ካርታው አይለይልኝም።

ሆኖም የኮረብታው ሰው ስለ ሹሙ ያሉት ላይ እስማማለሁ፤ የሚያጠናክረው ምሳሌም አለኝ። በደቡብ የቡታሬ ክፍለ ሀገር አስተዳዳሪ ዣን ባፕቲስት ሃብያሊማና ይባል ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከነበሩት የክፍለ ሀገር አስተዳዳሪዎች ብቸኛው ቱትሲ ነው። አገሪቱ ስትነድድ ቡታሬ ከሞላ ጎደል ሁለት ሳምንት ያህል ቆማለች፤ ከሌላ ቦታ የሸሸ ሰው ወደዚያ ይጎርፍ ነበር። ያው ሕዝብ ነው፤ ያው ሬዲዮ ይሰማል፤ ያው መታወቂያ በኪሱ ነው። ከዚያ አስተዳዳሪው ተሻረ፤ በኋላም ተገደለ። ኤፕሪል 19 ቀን ጊዜያዊው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሲንዲኩብዋቦ፣ የቡታሬ ሰው ነው፣ ወደ ከተማዋ መጥቶ ንግግር አደረገ። ግደሉ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ «ይህ እኔን አይመለከተኝም» ብለው ዳር የቆሙትን ነው የወቀሰው፤ የማይሠሩት ለሚሠሩት ቦታ ይልቀቁ የሚል መንፈስ ነበረው። በሰዓታት ውስጥ ግድያው ተጀመረ፤ በማግሥቱ የቀድሞዋ ንግሥት ሮዛሊ ጊካንዳ ከቤቷ ተወስዳ ተገደለች። እኔ እንደ ሕግ ሰው ይህን ንግግር ባነበብኩት ቁጥር የሚያስገርመኝ፣ አንድም በቀጥታ የሚያስከስስ ዓረፍተ ነገር ሳይኖረው እንዲያ ያለ ሥራ መሥራቱ ነው። ቋንቋው አስቀድሞ ባይዘጋጅ፣ ሰሚው «ሥራ» ማለት ምን እንደሆነ ባያውቅ፣ ባዶ ወቀሳ ሆኖ ይቀር ነበር።

የቀለም ልጅ፣ የአካዬሱን አድርባይነት አሁንም አልተውኩም። ግን አድርባይ የሚያድርበት ቤት ያስፈልገዋል፤ በኤፕሪል 18 ቀን የተከፈተለት ያ ቤት ነው።

የቀለም ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጠበቃው ሆይ፣ ለአካዬሱ ማዘን አልፈለግሁም፤ እንዲያውም አሥራ ሁለቱ ቀን ጥፋቱን የሚያከብዱት ይመስለኛል፤ መከላከል እንደሚቻል በራሱ እጅ አይቶታልና።

ይህን ለማነጻጸር ጊቲ የተባለችውን ኮሙን ተመልከቱ። ከንቲባዋ ኤድዋርድ ሴቡሹምባ ግድያውን ገና ሲጀመር አስቆመው፤ ለዝርፊያ የተነሡትን አሰረ። የአማፂው ጦርም ፈጥኖ ስለደረሰ ፈተናው ረጅም አልነበረም፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ጊቲ እንደ ታባ እስከ ኤፕሪል 18 ብትቆይ፣ ከንቲባውም ለስብሰባ ቢጠራ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ማንም መመለስ አይችልም። ሰው ጽኑ ሆኖ ይሁን ጊዜ አግዞት ይሁን ለመለየት አስቸጋሪ ነው።

ዙራ ካሩሂምቢን ግን ጊዜ አላገዛትም። በገጠር የምትኖር ባለ መድኃኒት አሮጊት ነበረች፤ ከመቶ በላይ ሰዎችን በጎጆዋና በማሳዋ ሸሽጋለች። መሣሪያ የላትም፤ ሥልጣን የላትም። የነበራት ሰው ጠንቋይ ናት ብሎ መፍራቱ ብቻ ነው። ቆዳ የሚያሳክክ ቅጠል ተቀብታ ገዳዮቹን ትነካካቸዋለች፤ ብትገቡ የአማልክቱ ቁጣ ይወርድባችኋል ትላቸዋለች፤ እነርሱም ይመለሳሉ። እናቷም በ1959 በነበረው ግድያ ሰው ሸሽጋ እንደነበር ተናግራለች። እዚህ ላይ የሚገርመኝ የገዳዮቹ ነገር ነው። ጎረቤታቸውን ለመቁረጥ ያልፈራ ሰው የአሮጊት ማሳከክ ፈርቶ ይመለሳል። ጥላቻ ያን ያህል ያነደደው ሰው በዚህ ይመለሳል ወይ? ሊመለስ ሰበብ ሲፈልግ የነበረ ሰው ግን ይመለሳል።

ይህ ለእኔ ሐሳብ የሚያደላ ንባብ መሆኑን አልክድም። ጠበቃው «ጠንቋይም ጥላቻም አብረው በአንድ ሆድ ያድራሉ» ቢለኝ መልስ የለኝም።

ነርሷ

እትዬ ወለተ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ካልፈለጉ አይመልሱልኝ። ያ ውኃ የሚቀዳው ልጅ የት ደረሰ? ጠይቀውት ያውቃሉ?

ወለተ ሸዋ

ልጄ፣ መልስ አለኝ ብዬ አይደለም፤ ግን ጠየቅሽኝና ልንገርሽ። ልጁ በሕይወት አለ። ሸምግሏል። መንግሥት ሲለወጥ ታስሮ ተፈታ። የእናቴ ዐርባ ሲወጣ መጥቶ ድንኳኑ ጥግ ተቀመጠ፤ አጠገቡ ማንም አልተቀመጠም። ምግብ አቀረብኩለት፤ በላ። ሲወጣ በር ላይ ቆሞ «እማማ ስለ እኔ ነገረችሽ ወይ?» አለኝ። እጅ መሳም መተውህን ብቻ ነው የነገረችኝ አልኩት። ሌላ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ፤ ከኋላው ሰው እየወጣ ነበር፤ አልጠየቅሁትም። ከዚያ ወዲህ ለበዓል ይደውልልኛል። ስለ ጤና፣ ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን።

አሁን የእናንተን ጽሑፍ ሳነብ፣ ብጠይቀው «ታዝዤ ነው» እንደሚለኝ አወቅሁ። እንደዚያ ካለኝ ባላምነውስ ብዬ ነው የምፈራው፤ ካመንኩትም እንዲሁ።

የኮረብታው ሰው

እትዬ ወለተ፣ ከመደወሉ በፊት አንዴ እርስዎ ቢደውሉለትስ?

ወለተ ሸዋ

ለፋሲካ እደውላለሁ ብዬ ነበር። እርሱ ቀደመኝ።